ክላሲካል ሙዚቃ አልገባ ካላችሁ በግጥሙ በኩል ግቡ፦ ሹበርትን ከታወቀው እስከተረሳው ሥራው የመስማት ዝርዝር መመሪያ

"ክላሲካል ልሰማ ብዬ ሞከርኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።" ይህን የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንዴት እንደጀመሩ ስጠይቃቸው ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ዩቲዩብ ላይ "ምርጥ ክላሲካል" የሚል የሦስት ሰዓት ስብስብ ይከፍታሉ። ሌላ ሥራ እየሠሩ ያስኬዱታል። ባች ያልፋል፣ ሞዛርት ያልፋል፣ ቾፒን ያልፋል፤ ጆሯቸው ላይ የሚቀር አንድም ዜማ የለም። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ረጅም ሲምፎኒ ይመርጡና አሥረኛው ደቂቃ ላይ ያቆማሉ።

ጆሯቸው ምንም አልሆነም። የገቡበት በር ነው የተሳሳተው። እኛ ዘፈን የምንሰማው ቃሉን ይዘን ነው። "ግጥሙ ምን ይላል?" ብለን ነው የምንጀምረው። ቃል የሌለው የ50 ደቂቃ ሙዚቃ በአንዴ ሲመጣብን መያዣ እናጣለን።

ስለዚህ በግጥሙ በኩል እንገባለን። የምንይዘው ሰው የቪየናው ፍራንዝ ሹበርት ነው። ከ600 በላይ ዘፈኖች አሉት። የአንዳንዶቹን ዜማ ደግሞ ወስዶ ቃል በሌለው ሙዚቃ ውስጥ መልሶ ተጠቅሞበታል። ድልድዩን ራሱ ሠርቶታል። እኛ የሚጠበቅብን በቅደም ተከተል መሻገር ብቻ ነው።

ስድስት ሳምንት መድቡለት፤ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ገደማ። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ኤርፎን። የስልክ ድምፅ ማጉያ የቼሎን (ቫዮሊን የሚመስል ትልቅ መሣሪያ) እና የፒያኖን ወፍራም ድምፅ አያወጣም። በሹበርት ሥራ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ ከታች ነው ያለው። ውድ መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራ ይሁን።

ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ማስታወሻ ልትጽፉ ስትከፍቱት መልእክት ይመጣና ሙዚቃው ያልፋችኋል።

የወረደ ሙዚቃ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ የሳምንቱን ሥራዎች አስቀድማችሁ አውርዱ። ጸጥ ባለ ክፍል መሀል ማስታወቂያ ሲጮህ የሰማችሁት ሁሉ ይበተናል። ማውረድ ካልቻላችሁና በዳታ የምትሰሙ ከሆነ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጉ፤ የምትፈልጉት ምስሉን አይደለም።

ስሙ በላቲን ፊደል። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። በአማርኛ "ሹበርት" ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ጥቂት ነው። ስሙን በግምት በላቲን ብትጽፉት ደግሞ ትስታላችሁ፤ መሀሉ ላይ የማይጠበቁ ፊደላት አሉት። ዊኪፔዲያ ላይ ገጹን ክፈቱና ስሙን ገልብጣችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሥራ ስትፈልጉ እሱን ለጥፋችሁ ቁጥሩን ብቻ ጨምሩ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ተማሩ

አንድ ቀን ስጡት። ይህን ዘላችሁ ካለፋችሁ ኋላ የተሳሳተ ሥራ እየሰማችሁ ትደክማላችሁ።

የሹበርት ሥራዎች የሚታወቁት ከላቲኑ ዲ ፊደል ቀጥሎ በሚመጣ ቁጥር ነው። ዲ የኦቶ ኤሪክ ዶይች የስም መነሻ ናት። ሥራዎቹን በተጻፉበት ጊዜ ቅደም ተከተል የዘረዘረው እሱ ነው፤ ዝርዝሩ በ1951 ታተመ። ቁጥሩ ከ1 ተነሥቶ እስከ 1000 አካባቢ ይደርሳል። ትንሽ ቁጥር ካያችሁ የልጅነት ሥራ ነው፤ ከ940 እስከ 965 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ዓመት ሥራ ነው።

አሁን እነዚህን ሦስት ወጥመዶች ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

*አንደኛ፣ ኦፐስ የሚለውን ቁጥር አትመኑ።* ኦፐስ የሚነግራችሁ የታተመበትን ተራ ነው። "ኤርልኮኒግ" የተባለው ዘፈን በ1815 ተጽፎ ኦፐስ 1 ሆኖ የወጣው በ1821 ነው። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የጻፈው ኩዊንቴት (ለአምስት ተጫዋቾች የሚሆን ሥራ) ደግሞ ኦፐስ 163 ሆኖ የታተመው በ1853 ነው። በኦፐስ ከሄዳችሁ የሕይወቱ መስመር ይጠፋባችኋል።

*ሁለተኛ፣ የሲምፎኒዎቹ ቁጥር እንደየአገሩ ይለያያል።* "ያልተጠናቀቀው" አንዱ ጋ 8ኛ፣ ጀርመኖች ጋ 7ኛ ነው። "ታላቁ" የሚባለው የሲ ሜጀር ሲምፎኒም አንዱ ጋ 9ኛ፣ ሌላው ጋ 8ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። "8ኛ ሲምፎኒ" ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይመጡላችኋል። "ያልተጠናቀቀው" ዲ 759፣ "ታላቁ" ዲ 944 መሆናቸውን ያዙ።

*ሦስተኛ፣ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ዘፈኖች አሉ።* በብዙ ሠርግና ሆቴል የሚሰማው "ሴሬናድ" ከዲ 957 ውስጥ አራተኛው ነው። በጀርመንኛ ተመሳሳይ ርዕስ የያዘ ሌላ ዘፈን ግን ዲ 889 ላይ አለ። ለአንድ ሴት ድምፅና ለኅብረ ድምፅ የተጻፈ ሌላ ደግሞ ዲ 920 ላይ አለ። የመጨረሻውን እግረ መንገዳችሁን ስሙት፤ ከታወቀው ይልቅ እኔ እሱን እወደዋለሁ።

ደረጃ 2፦ የሕይወት ገጽ አዘጋጁ

ሙሉ የሕይወት ታሪክ አታንብቡ። ገና ነው። ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ከፍታችሁ በግራ ዓመት፣ በቀኝ የሆነውን ጻፉ። ሦስተኛ ዓምድ ባዶ ተዉ፤ የምትሰሟቸው ሥራዎች ቁጥር እዚያ ይገባል።

ይህን ገልብጡ፦

- 1797፦ ጃንዋሪ 31 ቪየና ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነው።
- 1808፦ በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ገባ።
- 1814፦ በ17 ዓመቱ "ግሬትሸን በእንዝርቷ ሥር" የተባለውን ዘፈን ጻፈ።
- 1815፦ በአንድ ዓመት ብቻ 140 ያህል ዘፈኖች።
- 1818፦ ከአባቱ ትምህርት ቤት ወጥቶ የኤስተርሃዚን ቤተሰብ ልጆች ሊያስተምር ወደ ሃንጋሪ ሄደ።
- 1822፦ "ያልተጠናቀቀው" ሲምፎኒ። ወደ ዓመቱ መጨረሻ በጠና ታመመ፤ በሽታው ቂጥኝ እንደነበር ይታመናል።
- 1824፦ የማርች 31 ደብዳቤ።
- 1827፦ ቤትሆቨን ሞተ፤ ሹበርት በቀብሩ ላይ ችቦ ከያዙት አንዱ ነበር። "የክረምት ጉዞ" የተጻፈውም በዚህ ዓመት ነው።
- 1828፦ ማርች 26 የራሱን ሥራዎች ብቻ ያቀረበበት ኮንሰርት። ኖቬምበር 19 ሞተ፤ ዕድሜው 31።

1824 ላይ ቆም በሉ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ለወዳጁ ለሠዓሊው ኩፔልቪዘር በዓለም ላይ ከእሱ የባሰ ምስኪን እንደሌለ ይነግረዋል። ከዚያ ሰላሜ ጠፋ፣ ልቤ ከበደ የሚለውን የግሬትሸንን ቃል ይጠቅሳል። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ17 ዓመቱ ዜማ የሰጠው ግጥም ነው። ያኔ የሌላ ሰው ቃል ነበር፤ አሁን የራሱ ሆነ። በዚያው ደብዳቤ ሁለት የሕብረቁምፊ ኳርቴቶች (ለአራት ተጫዋቾች የሚሆኑ ሥራዎች) እና ለስምንት ተጫዋቾች የሚሆን አንድ ሥራ መጻፉንም ይናገራል። እነሱም ዲ 804፣ ዲ 810 እና ዲ 803 ናቸው። በሦስተኛው ዓምድ ከ1824 ትይዩ ጻፏቸው። ደረጃ 4 ላይ እንመለስባቸዋለን።

ማስጠንቀቂያ፦ ተረቶቹን ከገጹ አስወጡ

ያልተጠናቀቀውን ሲምፎኒ ሞት አቋረጠው የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ቀኑን እዩ፤ የጻፈው በ1822 ነው፣ የሞተው በ1828። ስድስት ዓመት ኖሯል፤ በመሀሉም ትላልቅ ሥራዎች ጨርሷል። ሁለት ክፍል ጨርሶ ሦስተኛውን ጀምሮ ተወው። ጽሑፉ ወዳጁ አንሰልም ሁተንብሬነር ዘንድ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተሰማው በ1865 ነው።

"አቬ ማሪያ"ም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ሹበርት ለላቲኑ ጸሎት የጻፈው ይመስለዋል። የጻፈው በ1825 ለስኮትላንዳዊው ደራሲ ለዋልተር ስኮት ግጥም የጀርመንኛ ትርጉም ነው። ኤለን የምትባል ወጣት ወደ ድንግል ማርያም ትለምናለች፤ ቁጥሩ ዲ 839 ነው። የላቲኑ ቃል በዜማው ላይ የተገጠመው ኋላ ነው።

ስለ አንድ ሥራ ልብ የሚነካ ታሪክ ባነበባችሁ ቁጥር መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመትና የደራሲውን የሞት ዓመት አነጻጽሩ። ግማሹ ተረት እዚያው ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ቃሉን አንብቡ፣ ከዚያ ስሙ

የመጀመሪያው ዘፈናችሁ "ኤርልኮኒግ" ይሁን፤ ዲ 328። አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

1. ግጥሙን አንብቡ። የጀርመናዊው ባለቅኔ የጎተ ነው። ሊደርኔት የተባለው ድረ ገጽ ላይ ጀርመንኛውና ትርጉሙ ጎን ለጎን ይገኛል።
2. ታሪኩን በራሳችሁ አማርኛ በአምስት መስመር ጻፉ። የማሽን ትርጉም ለጥፋችሁ አትለፉ፤ ግጥም ላይ ይሳሳታል፣ እናንተም አታስታውሱትም። ታሪኩ ይህ ነው፦ አባት የታመመ ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል። ልጁ አንድ መንፈስ ሲጠራው ይሰማል። አባት "ጉም ነው፣ ቅጠል ነው" እያለ ያረጋጋዋል። ቤት ሲደርሱ ልጁ ሞቷል።
3. አራት ድምፆች እንዳሉ ጻፉ፦ ተራኪው፣ አባት፣ ልጅ፣ መንፈሱ። አራቱንም የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው።
4. አሁን አንድ ጊዜ ስሙ። ምንም አትጻፉ።
5. ሁለተኛ ስትሰሙ ፒያኖውን ብቻ ተከተሉ። ቀኝ እጁ ያለ እረፍት ይመታል፤ ፈረሱ ነው።
6. ሦስተኛ ስትሰሙ ልጁ "አባቴ፣ አባቴ" የሚልበትን ቦታ ጠብቁ። በየጊዜው ድምፁ ከፊተኛው ከፍ ይላል።
7. አራተኛ ስትሰሙ መጨረሻውን ብቻ። ፈረሱ ይቆማል። የመጨረሻዎቹ ቃላት ፒያኖ ሳያጅባቸው ይነገራሉ።

በዚህ መንገድ በሳምንቱ ሁለት ተጨማሪ ዘፈኖች ስሙ፦ "ግሬትሸን በእንዝርቷ ሥር"፣ ዲ 118 እና "ሞትና ልጃገረዷ"፣ ዲ 531። ግሬትሸን ላይ የሚሽከረከረው ፒያኖ እንዝርቱ ነው። የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። አንድ ጊዜ ይቆማል፤ ለምን እንደቆመ ቃሉን አይታችሁ ጻፉ። መልሱን እኔ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ስታገኙት አይረሳችሁም።

ካልሠራ

የዘፋኙ ድምፅ ካስጨነቃችሁ ዘፈኑን አትተዉ፣ ዘፋኙን ቀይሩ። የኦፔራ ድምፅ ላልለመደ ጆሮ ሶፕራኖ (ቀጭኑ የሴት ድምፅ) ሊከብድ ይችላል። ባሪቶን (መካከለኛውን የወንድ ድምፅ) ሞክሩ። ዲትሪሽ ፊሸር ዲስካው የሹበርትን ዘፈኖች በብዛት ቀርጿል፤ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ነው የሚናገረው። ለመጀመር እሱ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ከዘፈኑ ወደ ቃል አልባው ተሻገሩ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። አትቸኩሉበት። አንድ ሙሉ ሳምንት ይወስዳል።

"ሞትና ልጃገረዷ"ን ከደረጃ 3 ይዛችኋል። የማቲያስ ክላውዲየስ ግጥም ነው፤ ሦስት ደቂቃም አይሞላም። መጀመሪያ ልጅቷ ትናገራለች፦ ሂድልኝ፣ ገና ልጅ ነኝ ትላለች፤ ዜማው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሞት ይመልሳል፦ እጅሽን ስጪኝ፣ ወዳጅሽ ነኝ ይላል። የእሱ ዜማ አንድ ቦታ ላይ የቆመ፣ ቀስ ያለ ነው። ከልጅቷም በፊት ፒያኖው የሚጀምረው በዚሁ በሞት እርምጃ ነው።

ሹበርት ይህን የጻፈው በ1817 ነው። በ1824፣ ከታመመ በኋላ፣ ዜማውን ወደ ኳርቴት አመጣው። ዲ 810።

*ቀን 1።* ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ስሙ። ከዚያ ስልኩን ዝጉና የመግቢያውን ዜማ አንጎራጉሩ። ማንጎራጎር ካልቻላችሁ ገና አልያዛችሁትም፤ ተመለሱ።

*ቀን 2።* የኳርቴቱን ሁለተኛ ክፍል ብቻ ክፈቱ። ከመጀመሪያው ክፍል አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ገደማ ስሙና አቁሙ። ያ ዜማ የሞት ነው። የልጅቷ ልመና የለም። ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ለእኔ ከሹበርት ሥራዎች ሁሉ የከበደ ዝምታ ይህ ነው።

*ቀን 3።* ሁለተኛውን ክፍል ሙሉውን ስሙ፤ 14 ደቂቃ ያህል ነው። ዜማው አምስት ጊዜ መልኩን ይቀያይራል። በመጀመሪያው ቫዮሊኑ ከላይ ሆኖ ይቆራረጣል። በሁለተኛው ዜማውን ቼሎ ይይዘዋል። በሦስተኛው ሁሉም እንደ ፈረስ ይጋልባሉ። በአራተኛው ብርሃን ይገባል። በአምስተኛው ጨለማው ይመለስና ቀስ በቀስ ያይላል። በየቁጥሩ ትይዩ የምትሰሙበትን ደቂቃ ጻፉ።

*ቀን 4።* አሁን ኳርቴቱን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ አራተኛው ስሙ። 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ቤታችሁ የደረሳችሁ ያህል ይሰማችኋል።

በዚሁ መንገድ የምትሄዱባቸው ሌሎች ድልድዮች አሉ። "ትራውት" የተባለው የዓሣ ዘፈን፣ ዲ 550፣ በኩዊንቴቱ በዲ 667 አራተኛ ክፍል ውስጥ አለ። ይህ ታዋቂ ነው፤ በፍጥነት ታልፉታላችሁ። "ሰላም ለአንቺ ይሁን" በሚል ስሜት የተጻፈው ዲ 741 ለቫዮሊንና ፒያኖ በተጻፈው ፋንታዚ (ቅርጹ ነፃ የሆነ ሥራ)፣ ዲ 934፣ መሀል ላይ ይመጣል። የበለጠ የተደበቀ ከፈለጋችሁ ደግሞ የሺለርን ግጥም የያዘውን ዲ 677 ስሙ። "ውብ ዓለም፣ የት ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የኳርቴቱን የዲ 804ን ሦስተኛ ክፍል ክፈቱ። ቼሎው የሚጀምረው በዚያ ጥያቄ ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው ደስ የሚል የዳንስ ሙዚቃ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ካልሠራ

ዜማውን ኳርቴቱ ውስጥ ካጣችሁት የተሳሳተ ክፍል ከፍታችኋል ማለት ነው። ብዙ ቪዲዮዎች አራቱን ክፍሎች በአንድ ላይ ይጭናሉ። ከቪዲዮው ሥር ወይም በአስተያየቶቹ ውስጥ የየክፍሉ መነሻ ደቂቃ መኖሩን እዩ። ከሌለ ሙዚቃው ቆሞ ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን የሚያወርዱበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቀጣዩ ክፍል እዚያ ይጀምራል። ዲ 810 ላይ ሁለተኛው ክፍል ከ11ኛው እስከ 17ኛው ደቂቃ ባለው መሀል ይጀምራል። ልዩነቱ የሚመጣው ተጫዋቾቹ የመጀመሪያውን ክፍል መነሻ ደግመው ሲጫወቱ ወይም ሲተዉት ነው።

ደረጃ 5፦ ወደ ተረሱት ሥራዎች ግቡ

እስካሁን ጆሯችሁ ሹበርትን ለይቷል። አሁን ብዙ ሰው የማይከፍታቸውን ሥራዎች በዚህ ተራ ስሙ። ተራው ከቀላል ወደ ከባድ ነው፤ አታቀያይሩት።

1. "እረኛው በዓለቱ ላይ"፣ ዲ 965። 12 ደቂቃ ገደማ። ለሶፕራኖ፣ ለክላሪኔትና ለፒያኖ። በ1828 ኦክቶበር፣ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ተጻፈ። እረኛው ከገደል አፋፍ ሆኖ ይጣራል፤ ድምፁ ከሸለቆው ይመለስለታል። የአገራችንን ገደል ለገደል መጠራራት ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቃል ስላለው መሸጋገሪያችሁ ይሁን፤ ክላሪኔቱን እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ተከተሉት።

2. "ኖተርኖ"፣ ዲ 897። አሥር ደቂቃ የማይሞላ። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ። ማታ ስሙት።

3. ኳርቴት ዛትስ፣ ዲ 703። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ፣ የ1820 ሥራ። ሙሉ ኳርቴት ሊያደርገው ጀምሮ አንዱን ክፍል ብቻ ጨረሰ። "ያልተጠናቀቀ" ሲምፎኒው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ታያላችሁ።

4. የአርፔጆኔ ሶናታ፣ ዲ 821። አርፔጆኔ ስድስት ክር ያለው፣ እንደ ጊታር የተቃኘ፣ በቀስት የሚመታ መሣሪያ ነበር። በ1820ዎቹ ቪየና ውስጥ ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ስትፈልጉ በቼሎ ወይም በቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ) የተጫወቱት ይመጣላችኋል። ተሳስታችሁ አይደለም፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚጫወቱት እንደዚያ ነው።

5. ፋንታዚ በኤፍ ማይነር፣ ዲ 940። 19 ደቂቃ ገደማ። ሁለት ሰዎች አንድ ፒያኖ ላይ ተቀምጠው በአራት እጅ ይጫወቱታል። በ1828 ጽፎ ለካሮሊን ኤስተርሃዚ ሰጠው፤ በሃንጋሪ ካስተማራቸው ልጆች አንዷ ናት። የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች አምስት ጊዜ ስሙ። ከዚያ ሙሉውን ስሙና ያ ዜማ መጨረሻው አካባቢ ሲመለስ እጃችሁን አንሡ። ይህኛው ላይ ቪዲዮውን እዩ፤ የሁለቱ ሰዎች እጆች እንዴት እንደሚተላለፉ ማየት ይጠቅማል።

ኦፔራዎቹን አሁን አትንኩ። "ፊየራብራስ"ን የመሰለ ሥራ በሕይወት እያለ መድረክ ላይ አላየውም፤ ሙዚቃው ውብ ነው፤ ግን ረጅም ነው፣ ታሪኩም ይጎተታል። አሁን ከጀመራችሁት ሹበርትን ራሱን ትተዋላችሁ።

ደረጃ 6፦ አንድ ሥራ በሁለት ሰው እጅ ስሙ

የመጨረሻውን የፒያኖ ሶናታ ውሰዱ፤ ዲ 960፣ ሴፕቴምበር 1828። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ።

1. በአልፍሬድ ብሬንዴል ስሙ። 15 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።
2. በሌላ ቀን በስቪያቶስላቭ ሪክተር ስሙ። 24 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።
3. ልዩነቱን ጻፉ።

የሪክተር ቀርፋፋ ነው፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። ሹበርት የክፍሉን መነሻ ድገሙ ብሎ ምልክት አድርጓል። ሪክተር ይደግማል፣ ብሬንዴል አይደግምም። ወደ መነሻው የሚመልሱት ዘጠኝ ባሮች (አጫጭር የምት ክፍሎች) ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ካልተደገመ አትሰሟቸውም።

ዋናው ምልክታችሁ ገና ሥራው ሲጀመር አለ። ጸጥ ያለው ዜማ ቆም ሲል ከፒያኖው ታች፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይመጣል። በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። ኤርፎን ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያ ድምፅ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ቁጠሩ።

ደረጃ 7፦ ኩዊንቴቱ

ስድስተኛውን ሳምንት በሙሉ ለዲ 956 ስጡ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። 50 ደቂቃ ያልፋል። በ1828 መጸው መግቢያ ጻፈው፤ በሕዝብ ፊት የተሰማው በ1850 ነው።

በቀን አንድ ክፍል ብቻ ስሙ። በመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛው ደቂቃ ገደማ ላይ ሁለቱ ቼሎዎች አብረው መዝፈን ይጀምራሉ፤ ያን ዜማ ያዙት። በሁለተኛው ክፍል ከአምስቱ መሣሪያዎች መካከለኞቹ ሦስቱ ረጅም ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ከላይ ቫዮሊኑ፣ ከታች ቼሎው ክር ቆንጠጥ ያደርጋሉ። ምንም የማይሆን ይመስላል። ዝም ብላችሁ ቆዩ። መሀሉ ላይ ማዕበል ይነሣል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ጸጥታ ይመለሳል፤ ግን እንደ በፊቱ አይደለም፣ የቼሎው እንቅስቃሴ ገና አልሰከነም።

አራቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ሙሉውን ስሙ። ስልክ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ለቤት ሰው "አንድ ሰዓት አትጥሩኝ" ብላችሁ ንገሩ።

በማንኛውም ደረጃ የሚያጋጥሙ ችግሮች

*እንቅልፍ ይወስደኛል።* ተኝታችሁ አትስሙ። ተቀመጡ፣ እስክሪብቶ ያዙ። ከእራት በኋላ ሳይሆን በፊት አድርጉት። ያም ካልሠራ የምትሰሙትን ወደ አምስት ደቂቃ ቀንሱና ሦስት ጊዜ ድገሙት። ድግግሞሽ ከርዝመት ይበልጣል።

*አንድ ሳምንት አመለጠኝ።* ከተዋችሁበት አትቀጥሉ። መጨረሻ የሰማችሁትን ሥራ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ከዚያ ቀጥሉ። እኔ ይህን ሳላደርግ ሁለት ጊዜ ከመሀል ቀርቻለሁ።

*ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኛል።* ከሚገባው በላይ እየሰማችሁ ነው። በቀን ከአንድ ሥራ አትለፉ። በዚያ ቀን ሌላ ክላሲካልም አታስገቡ።

*ኖታ ማንበብ አልችልም።* አያስፈልግም። የምትችሉ ከሆነ ግን አይኤምኤስኤልፒ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የሹበርትን ሥራዎች ኖታ በነፃ ታወርዳላችሁ፤ በዲ ቁጥር ፈልጉ።

*አንዱን ሥራ ጠላሁት።* ቁጥሩንና የጠላችሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱበት። ያኔም ካልወደዳችሁት ተዉት።

ደረጃ 8፦ መንገዱን ወደ ሌላ ሰው ውሰዱት

ቀጣዩ ሰው ላይ ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፦ ቃል ያለው ሥራ አለው ወይ? ካለው በዚያ ግቡ።

የእኔ ምክር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲትና የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ቃል በሌለው ፒያኗቸው ነው፤ ብዙዎቻችንም ከጀርባ እያስኬድን ሻይ እንጠጣበታለን። እሳቸውንም በግጥሙ በኩል መግባት ይቻላል። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በራሳቸው ድምፅ፣ በአማርኛ እየዘፈኑ የቀረጿቸው ሥራዎች አሉ። ከዕረፍታቸው በኋላ "ሱቨኒርስ" በሚል ርዕስ በአልበም ወጥተዋል።

እንዲህ አድርጉ። አዲስ የሕይወት ገጽ ክፈቱ። የዲ ቁጥርን የመሰለ ዝርዝር ስለማታገኙ በቁጥር ፋንታ የተቀረጸበትን ዓመት ጻፉ። ከ"ሱቨኒርስ" አንድ ዘፈን መርጣችሁ ቃሉን እየሰማችሁ ራሳችሁ ጻፉት፤ ይህኛው ትርጉም አይፈልግም። በሁለተኛው ቀን ፒያኖውን ብቻ ተከተሉ፤ ድምፃቸው ሲያርፍ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ስሙ። በሦስተኛው ቀን ቃል አልባ ከሆኑት የፒያኖ ሥራዎቻቸው አንዱን ክፈቱና ያንኑ የእጅ አካሄድ ፈልጉ። ያገኛችሁበትን ደቂቃ ደብተሩ ላይ ጻፉ።